ጊዜያዊ ስትሮክ፦ በደቂቃዎች የሚያልፍ፣ ሊታለፍ ግን የማይገባ ምልክት

አንድ አርሶ አደር እያረሰ ሳለ የያዘው ዕርፍ ድንገት ከቀኝ እጁ ሾለከ እንበል። ሊናገር ሲሞክር ምላሱ ይተሳሰርበታል፤ የአፉ ጥግም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እጁ ይበረታል፣ ንግግሩም ይመለሳል። አብሮት ያለው ልጁ «አባ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» ቢለው «ብርድ ነው የመታኝ፤ አለፈ እኮ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በጎዛምን፣ በስናን፣ በማቻከልና በአነደድ ወረዳዎችም ሆነ በሌሎቹ የጎጃም ደጋማ አካባቢዎች ለሚኖር ሰው እንዲህ ያለው መልስ እንግዳ አይደለም። ሥራው አልተጠናቀቀም፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ሕመሙም ጠፍቷል።

ይህ ክስተት በሕክምናው ጊዜያዊ ስትሮክ ወይም ሚኒ ስትሮክ ይባላል። ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ የደም ሥር በረጋ ደም ለጥቂት ጊዜ ይዘጋል። የረጋው ደም እዚያው የተፈጠረ፣ ወይም ከልብ አለዚያም ከአንገት የደም ሥር ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። በዚያ የደም ሥር የሚመገበው የአንጎል ክፍል ሥራውን ያቆማል። የረጋው ደም ሲሟሟ ወይም ከቦታው ሲገፋ ደሙ እንደገና ይፈስሳል፤ ምልክቱም ይጠፋል። በደም መርጋት የሚመጣው ሙሉ ስትሮክም የሚነሣው ከዚሁ ምክንያት ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን የደም ሥሩ እንደተዘጋ ስለሚቆይ የአንጎሉ ክፍል ይሞታል፤ እጅ፣ እግር ወይም ንግግር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዕድሜ ልክ ይታሰራል።

ቀደም ሲል ሐኪሞች ጊዜያዊ ስትሮክን የሚለዩት በሰዓት ነበር፤ ምልክቱ ከ24 ሰዓት በፊት ከጠፋ ጊዜያዊ፣ ከዚያ ካለፈ ሙሉ ስትሮክ ይባል ነበር። ዘመናዊ የአንጎል ምስል ምርመራ ሲስፋፋ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ምልክታቸው ከጠፋ ሰዎች መካከልም በአንጎላቸው ላይ ቋሚ ጉዳት የተገኘባቸው ታዩ። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የልብና የስትሮክ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2009 ትርጓሜውን በሰዓት ሳይሆን በአንጎል ላይ በደረሰው ጉዳት መኖርና አለመኖር ላይ እንዲመሠረት አደረጉ። ለታካሚው የሚኖረው ትርጉም ቀላል ነው፤ ምልክቱ መጥፋቱ አንጎል እንዳልተጎዳ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዚህ የሚብሰው አደጋ ደግሞ ከምልክቱ በኋላ ያሉት ቀናት ይዘውት የሚመጡት ነው። ጊዜያዊ ስትሮክ ከገጠማቸውና ፈጥኖ ሕክምና ካላገኙ ሰዎች መካከል ከ10 አንዱ ያህሉ በሦስት ወራት ውስጥ ሙሉ ስትሮክ ይገጥማቸዋል፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ። ስለዚህ «እስከ ገበያ ቀን ልቆይ» ወይም «ጤፉ ይታጨድና እሄዳለሁ» ማለት አደጋው ከፍተኛ የሆነበትን ጊዜ ያለ ጥበቃ ማሳለፍ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ፈጥኖ መታከም የሚያመጣውን ለውጥ በግልጽ አሳይቷል። ቀደም ሲል ታካሚዎች ቀጠሮ እስኪደርሳቸውና መድኃኒቱ እስኪታዘዝላቸው ቀናት፣ አልፎም ሳምንታት ይወስድ ነበር። አሠራሩ ተለውጦ ምርመራውም ሆነ መድኃኒቱ በዚያው ቀን እንዲሆን ሲደረግ፣ በሦስት ወራት ውስጥ ዳግም ስትሮክ የሚገጥማቸው ሰዎች ቁጥር ከ10 በመቶ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። የተጠቀሙባቸው መድኃኒቶች አዲስም እጅግ ውድም አልነበሩም፤ አስፕሪንና መሰሎቹ፣ የደም ግፊትና የደም ቅባት መቀነሻ እንክብሎች ነበሩ። ለውጡን ያመጣው የቀናት መቅደም ነው። ይህም ለገጠሩ ኅብረተሰብ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ እነዚህ የመድኃኒት ዓይነቶች በአገራችንም በሥራ ላይ ያሉ ናቸውና።

ምልክቶቹ

ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ድንገት መምጣታቸው ነው። ፊት በአንድ ወገን ይዛባል፤ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር፣ አለዚያም ሁለቱም በአንድ ጎን ይዝላሉ ወይም ይደነዝዛሉ፤ ንግግር ይኮላተፋል፤ ወይም ሰውየው የሚባለውን መረዳት ይሳነዋል፤ ቃል ፈልጎ ያጣል። በአንድ ዐይን ላይ መጋረጃ እንደ ወረደ ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ማየት መሳን፣ ነገር ሁሉ ሁለት ሆኖ መታየት፣ ድንገት ሚዛን ማጣትና መንገዳገድም ከዚሁ ይመደባሉ። ሕመም ብዙ ጊዜ የለም፤ ሰዎች ነገሩን አቅልለው የሚያዩትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤተሰብ በሦስት ቀላል ነገሮች ሊፈትን ይችላል። ሰውየው ፈገግ እንዲል ይጠየቅ፤ የፊቱ ሁለት ጎኖች እኩል ካልተንቀሳቀሱ ችግር አለ። ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ዐይኑን ጨፍኖ ይቁም፤ አንዱ ወደ ታች ከወረደ ችግር አለ። «ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ነገ ወደ ከተማ እወርዳለሁ» የመሰለ ዐረፍተ ነገር ይድገም፤ ቃሉ ከተሳሰረ ወይም ከተዛባ ችግር አለ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢታይም፣ ደግሞም ወዲያው ቢጠፋ እንኳ፣ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው።

ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። ሰውየው ከእንቅልፉ ሲነቃ ከሆነ የታየበት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ እንደ ነበር ይታወስ። ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሌሎች ሕመሞችም ይህን ሊመስሉ ይችላሉ። የስኳር ታማሚ በባዶ ሆዱ መድኃኒት ወስዶ የደሙ ስኳር ሲወርድ ምላሱ ሊተሳሰርና አካሉ ሊዝል ይችላል። የሚጥል በሽታና ከባድ የራስ ምታትም (ማይግሬን) እንዲሁ። የፊት ነርቭ ሕመም ደግሞ ግንባርን ጨምሮ አንዱን የፊት ጎን ያዛባል፤ እጅና እግርን ግን አይነካም። እነዚህን መለየት የጤና ባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ተቀምጦ «ይህስ ስትሮክ አይደለም» ብሎ መወሰን ግን ለማንም አይበጅም።

በየአካባቢው ለዚህ ሕመም የተሰጡ ስሞች አሉ፤ «ብርድ መታው»፣ «መጋኛ ነው»፣ «ልክፍት ነው» ይባላል። ስሞቹ ከጥንት የወረዱ ናቸው፤ ድንገት የሚመጣን ነገር ድንገት በሚመታ ነገር መግለጽም የሚገርም አይደለም። ችግር የሚሆኑት ታካሚውን ወደ መታሸት፣ ወደ መታጠን ወይም ዋግምት ወዳለበት ሲወስዱትና ሁለቱን ቀናት ሲያስፈጁት ነው።

በዚያው ቀን

ምልክቱ ገና ካልጠፋ የአምቡላንስ ጥሪ ይደረግ። የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቁጥር ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሊገኝ ስለሚችል፣ ችግሩ ሳይደርስ አስቀድሞ መያዝ ይመከራል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ አጭር ቁጥር 907 ነው። አምቡላንስ እስኪደርስ ሰውየው በጎኑ ይተኛ፤ ጠባብ ልብስ ይላላለት። ምግብ፣ ቡና፣ ውሃም ሆነ ጠበል በአፉ አይሰጠው፤ የመዋጥ አቅሙ ተዳክሞ ከሆነ ወደ ሳንባው ገብቶ ሌላ ሕመም ያመጣልና። የስኳር ታማሚ እንደሆነ የሚታወቅ፣ ንቃቱ ሙሉ የሆነና ምራቁን ያለ ችግር የሚውጥ ሰው ስኳር ያለው ነገር ሊቀምስ ይችላል፤ ወደ ጤና ተቋም መሄዱ ግን በዚህ ምክንያት አይቀርም።

ሁለት ስሕተቶች በተለይ ሊጠነቀቋቸው ይገባል። አንደኛው አስፕሪን በራስ ፈቃድ መስጠት ነው። አስፕሪን በደም መርጋት የመጣውን ስትሮክ ይረዳል፤ የአንጎል የደም ሥር ፈንድቶ ከሆነ ግን መድማቱን ያባብሳል። ሁለቱም በውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ሲቲ ስካን የተባለው የራስ ቅል ምርመራ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ግፊት ጨምሮ ሲታይ «ቶሎ ይውረድ» ብሎ የጎረቤትን መድኃኒት መስጠት ወይም የራስን መድኃኒት ደራርቦ መዋጥ ነው። ግፊት በድንገት ከወረደ ደም ያነሰው አንጎል የባሰ ደም ያንሰዋል።

ምልክቱ ጠፍቶ ከሆነስ? መልሱ አንድ ነው፤ በዚያው ቀን ይኬድ። ልዩነቱ ሰውየው በራሱ እግር፣ በበቅሎ ወይም በባጃጅ መሄድ መቻሉ ነው። በደጋው አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሙሉ ስትሮክ የያዘውን ሰው ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካለ መንደር በክረምት ጭቃ ወደ መኪና መንገድ ለማውጣት ቃሬዛና የሚፈራረቅ ጎልማሳ ያስፈልጋል፤ ሰዓቱም ይነጉዳል። በዓለም ላይ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲሆን፣ በአገራችን አገልግሎቱ ያለው በጥቂት ተቋማት ብቻ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ በዓባይ በረሃ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ባሕር ዳር ደግሞ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእነዚህ ርቀቶች ላይ ለሚኖር ሰው ሙሉው ስትሮክ ከመድረሱ በፊት ያለው ቀን ከኋላው ካለው ይልቅ ብዙ ሊሠራበት የሚችል ቀን ነው።

ብቻን አለመሄድም ይመከራል። በመንገድ ላይ ምልክቱ ቢመለስ የሚረዳ፣ ለሐኪሙም ያየውን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ ታካሚው ራሱ ንግግሩ እንደ ተሳሰረ ላያውቅ ይችላልና። ባጃጅ ወይም መኪና የሚነዳ ሰው ሐኪም እስኪፈቅድለት ድረስ አይንዳ።

በጤና ተቋም የሚደረገው

ጤና ጣቢያው የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ይለካል፤ የልብ ምቱ የተስተካከለ መሆኑን ያዳምጣል። ከዚያ እንደ ሁኔታው በአካባቢው ወዳለ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ቢቸና፣ አለዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ኮምፕረሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልካል። ሪፈር የተጻፈለት ሰው «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ቤተሰብ ሊከታተለው ይገባል። በሆስፒታል ደረጃ የራስ ቅል ሲቲ ስካን፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ)፣ የልብና የአንገት የደም ሥሮች አልትራሳውንድ፣ የደም ቅባት መጠን ሊታዘዙ ይችላሉ።

መድማት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ አብዛኛው ታካሚ አስፕሪን ይጀምራል። ለአደጋ ይበልጥ ተጋላጭ ለሆኑት ክሎፒዶግሬል የተባለ ሌላ መድኃኒት ለ21 ቀናት ያህል ተጨምሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በአንዱ ብቻ ይቀጠላል። ሁለቱን ከታዘዘው ጊዜ በላይ አብሮ መውሰድ የመድማት አደጋን ይጨምራል፤ ስለዚህ «ስለተስማማኝ» ብሎ መቀጠል አይገባም። አቶርቫስታቲን የመሰሉ የደም ቅባት መቀነሻዎችና የግፊት መድኃኒት ይታከላሉ።

«ደም ብዛት» የሚለው ስም

ለስትሮክ ከሚያጋልጡት ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። በሕዝቡ ዘንድ የታወቀው «ደም ብዛት» በሚለው ስም ሲሆን፣ ስሙ ራሱ ያሳስታል። በሽታው ደም በመብዛቱ የሚመጣ አይደለም፤ ደሙ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል መጨመሩ ነው። የተበሳ የውሃ ቱቦን ማሰብ ይበቃል፤ ቱቦውን የሚያደክመው የሚያልፍበት ግፊት ነው። ይህ ባለመታወቁ በዋግምት ደም ማስወጣትን መድኃኒት አድርገው የሚያዩ አሉ። ዋግምት የበዛ ግፊትን አያክምም፤ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ምላጭ ከሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ያስተላልፋል። ነጭ ሽንኩርት ወይም ሽፈራው በምግብነት መብላት የሚከለከል አይደለም፤ የታዘዘን መድኃኒት ግን አይተኩም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚይዘው ሐሳብ ግፊት ካለ ራስን ያማል፣ ራስን ካላመመ ግፊት የለም የሚለው ነው። አብዛኛው የግፊት ታማሚ አንዳች አይሰማውም። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ የተካሄደው ጥናት ከ100 ሰዎች 16 ገደማ የሚሆኑት ከፍ ያለ ግፊት እንዳላቸው አሳይቷል፤ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። መኖሩን ማወቅ የሚቻለው በመለካት ብቻ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለማንኛውም ጉዳይ ጤና ጣቢያ በሄደ ቁጥርም «ግፊቴን ለኩኝ» ሊል ይገባል።

ልኬቱ ትክክለኛ እንዲሆን የሚለካው ሰው ማረፍ አለበት። ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው እንደደረሰ ቢለካ የሚገኘው ቁጥር የመንገዱ ድካም የጨመረው ሊሆን ይችላል። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ተደግፎ ተቀምጦ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ እጁን በልቡ ትክክል አስደግፎ ይለካ፤ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና ባይጠጣ ይመረጣል። ከ140 በ90 በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ሲደጋገም ሕክምና ይጀመራል። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በብዛት የሚታዘዙት ናቸው።

መድኃኒት የጀመረ ሰው ግፊቱ ሲስተካከል «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል፤ ወይም «መድኃኒቱ ከለመደኝ አይተወኝም» ብሎ ይፈራል። ግፊቱ የተስተካከለው በመድኃኒቱ ነው፤ ሲቆም በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል። መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም። እግር ማበጥ፣ ደረቅ ሳል ወይም ማዞር ካስከተለ ደግሞ ለባለሙያው ነግሮ በሌላ ማስለወጥ ይቻላል፤ በራስ ማቋረጥ ግን ጊዜያዊ ስትሮክ ለገጠመው ሰው እጅግ አደገኛ ነው።

ጾም፣ ጠበልና መድኃኒት

በጎጃም ብዙ ምእመን በዓመት ውስጥ ረዥም ጊዜ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀናት ነው። ብዙዎች እስከ 9 ሰዓትና ከዚያም በላይ ውሃ ሳይቀር አይቀምሱም። የጠዋት መድኃኒታቸውን በዚህ ምክንያት የሚዘሉ ታማሚዎች ጥቂት አይደሉም፤ ለሐኪም ለመናገርም ያፍራሉ። መናገር ግን መፍትሔ ያመጣል። አምሎዲፒንን የመሰሉ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ መድኃኒቶች በባለሙያ ምክር ወደ ማታ ሊዛወሩ ይችላሉ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት የደም ስኳርን እስከ መሳት ድረስ ሊያወርድ ስለሚችል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር መመካከር ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምታደርገው አስተያየት የታወቀ ነው።

ጠበልን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ታማሚው ወደ ጠበል ሲሄድ መድኃኒቱን ቤቱ ትቶ መሄድ የለበትም። ይህ ጥያቄ ቀደም ሲል በኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይም ተነሥቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለሱባኤ የሚሄድ ሰው ለሚቆይባቸው ቀናት የሚበቃ እንክብል፣ ከተቻለም ጥቂት ትርፍ፣ ይያዝ።

የልብ ሕመም ያለባቸው ወጣቶች

ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ብቻ ተደርጎ መታየቱ በአገራችን በተለይ ስሕተት ነው። በልጅነት የደረሰና በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም (ቶንሲል) የሩማቲክ ትኩሳትን አስከትሎ የልብ ክዳኖችን ሊያበላሽ ይችላል። የተበላሸው ክዳን ሲጠብብና የልብ ምት ሲዛባ ደም በልብ ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ የተነቀለው ቅንጣት ወደ አንጎል ይሄዳል። ስለዚህ የ30 ዓመት ሴት እንጀራ ስትጋግር ድንገት እጇ ዝሎ ቢመለስ «ልጅ ናት፣ ድካም ነው» አይባልም፤ ዳገት ስትወጣ የሚያፍናትና ልቧ የሚመታባት ከሆነማ ፈጽሞ። የልጆች የጉሮሮ ሕመም ትኩሳት ሲኖረው እንጥል በማስቆረጥ ሳይሆን በጤና ተቋም ሊታከም ይገባል፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም የተገኘበት ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የታዘዘለትን የፔኒሲሊን መርፌ አያስተጓጉል።

እንዲህ ላሉ ታማሚዎች ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዋርፋሪን ነው። ይህ መድኃኒት ከምግብ ጋር ያለው ግንኙነት በጎጃም ገበታ ላይ በቀጥታ ይታያል። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላለው የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። በጾም ወራት በየቀኑ ጎመን የሚበላ፣ በፍስክ ግን ጨርሶ የሚተወው ሰው የደሙ የመርጋት መጠን በየጊዜው ይዋዥቃል፤ በአንዱ ወቅት መድኃኒቱ አይሠራም፣ በሌላው ያደማል። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ዓመቱን ሙሉ ተመጣጣኝ መጠን መብላትና አመጋገብ ሲለወጥ አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር ነው። አይኤንአር የተባለው የደም ምርመራ በቀጠሮው ይደረግ፤ ለአብዛኞቹ ታካሚዎች ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ ማስታገሻዎችን ከዋርፋሪን ጋር ያለ ሐኪም ፈቃድ መውሰድ አይገባም።

በቤት ውስጥ

ጨው ከሁሉ ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በተደረገው በዚያው ጥናት በአገራችን አማካዩ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው ከሆነ፣ ወጡ ሲሠራ የሚጨመረው በዚያ ላይ ድርብ ይሆናል። ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ድስት የሚሠራ ምግብ ላይ ለአንድ ታማሚ ብቻ ጨው መቀነስ ስለማይመች፣ ለሁሉም መቀነሱ የተሻለ ነው፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። ቡናን በጨው የሚጠጣም ይተወው።

አረቄ ግፊትን ይጨምራል፤ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል። በድግስና በማኅበር ላይ የታማሚ ብርጭቆ ሲገፋ «ቅመስልኝ» ተብሎ መጨቃጨቁ ቢቀር ከወዳጅነት ይቆጠራል። ሲጋራ በማንኛውም መጠን ጎጂ ነው። ብዙም የማይነገርለት ደግሞ የምድጃ ጭስ ነው፤ መስኮት በሌለው ማእድ ቤት የኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ለዓመታት መተንፈስ ለስትሮክ ከሚያጋልጡት መካከል ነው፤ ጭስ ማውጫ ማበጀት ወይም ጭስ ቀናሽ ምድጃ መጠቀም ይመከራል። የአርሶ አደሩ የዕለት ሥራ በቂ እንቅስቃሴ ይሰጣል፤ በከተማ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ግን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ይራመድ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን

ለዓመታት የሚቀጥል ሕክምና ወጪው ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል፤ መድኃኒት የሚቋረጥበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በሙከራ ደረጃ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ በጎጃም የሚገኘው ደቡብ አቸፈር ነበር። አባል የሆነ ቤተሰብ መዋጮውን በየዓመቱ በእድሳቱ ጊዜ ይክፈል፤ ያልታደሰ መታወቂያ በሕመም ቀን አያገለግልምና። ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ የታደሰው የመድኅን መታወቂያ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የግፊት መከታተያ ካርድ፣ እንዲሁም ታካሚው በቤቱ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ካለ እሱ ጭምር፣ በአንድ ላይ ይያዙ።